ከማዳም ካሴት የቆረጥኩት ሁለት ክንድ

ሥራ የጀመርኩት አብዮቱ በፈነዳ በሁለተኛው ዓመት፣ በአንድ የገበያ ቀን ጠዋት ነው። ድሬዳዋ ራዲዮ ጥገና ተምሬ፣ አንድ ቴስተር፣ አንድ መበየጃ ብረት፣ ሦስት ካቻቢቴና አንድ ፒንሳ በፎጣ ጠቅልዬ አሰበ ተፈሪ ላይ ከአውቶቡስ ወረድኩ። ከተማዋን መንግሥት አሰበ ተፈሪ፣ ገበሬው ደግሞ ጭሮ ይላታል። እኔ ማመልከቻ ስጽፍ እንደ መንግሥት፣ ቲማቲም ስገዛ እንደ ገበሬው እየጠራኋት ከሁለቱም ጋር በሰላም ኖሬያለሁ።

የቀጠሩኝ ሐጂ ዩሱፍ ነበሩ። ሱቃቸው አዲስ አበባን ከሐረር የሚያገናኘው አውራ ጎዳና ዳር ነው። ከፊት ለፊት ባትሪ ድንጋይና ፋኖስ ይሸጣሉ፤ ከጀርባ አንዲት ጠረጴዛ፣ አንድ አምፖልና አንድ ባለሦስት እግር በርጩማ አለ። እሷ የእኔ ወርክሾፕ ነበረች።

የመጀመሪያው ደንበኛዬ አንድ ሃምሳ አለቃ ነበር። ራዲዮኑን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ "አዲስ አበባን ትቶ የማላውቀው አገር ገብቷል" አለኝ። አየሁት። የሞገድ መምረጫው ወደ አጭር ሞገድ ተገፍቷል። በአውራ ጣቴ መለስኩት፤ አዲስ አበባ መጣ። ሃምሳ አለቃው አመስግኖኝ ወጣ። እኔም ደረቴን ነፋሁ።

"ያ ጌታቸው!" አሉኝ ሐጂ ከበሩ፤ ሰው ሲጠሩ እንደ ዐረብ "ያ" ይላሉ። "ምን አደረግህ?"

"ሠራሁለት።"

"አየሁ ወላሂ። በአንድ ደቂቃ ሠራህለት። አሁን ይሄ ሰውዬ ጣቢያ ሄዶ ምን ይላል? 'ነካ አድርጎ መለሰልኝ' ይላል። ሐኪም ቤት ሄደህ ዶክተሩ ጆሮህን ነካ አድርጎ ሂድ ቢልህ ደስ ይልሃል? አይልህም! ዕቃ ይከፈታል፣ ይታያል፣ ጭንቅላት ይነቀነቃል። ከዚያ 'በሳምንቱ ና' ይባላል።"

በዚህ ሕግ ለብዙ ዓመት ሠራሁ። ሁለት ሰዎች ብቻ ብንሆንም ማዕረግ አልጎደለብንም። ሐጂ ሥራ አስኪያጅ፣ እኔ ዋና ኢንጂነር። ከተማው ግን "ጌታቸው ራዲዮ" ይለኝ ነበር፤ ከሂርና ከሚመጡት ደንበኞች ራዲዮ የአባቴ ስም የሚመስላቸው ነበሩ። አንዱ በደብዳቤ "ለአቶ ጌታቸው ራዲዮ" ብሎ ጽፎልኝ ደብዳቤው ያለ ችግር ደርሶኛል።

ድምፅ ማጉያም እጠግን ነበር። አንድ ቀን አንድ ካድሬ ለስብሰባ መናገር ሲጀምር ማይክሮፎኑ ወደ ማጉያው ቀርቦ ኖሮ አፏጨ። ካድሬው ቆጣ ብሎ "ማን ነው የሚያፏጨው?" አለ። ከኋላ ሆኜ "ድምፅ ማጉያው ነው ጓድ" አልኩ። "ስሙ ይመዝገብ!" አለ። ሕዝቡ መሳቅ ፈርቶ ጉንጩን እየነፋ ተቀመጠ። እኔ ማይክሮፎኑን ሁለት እርምጃ አራቅኩትና ፉጨቱ ሳይያዝ ቀረ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ራዲዮ እያነሰ ቴፕ በዛ። የቴፕ ሥራ በአብዛኛው ጽዳት ነው። ካሴቱን የሚያነበውን ሄድ በስፒርት በተነከረ ጥጥ ትጠርጋለህ፤ የካሴቱን ቀጭን ቴፕ የሚጎትተውን ጎማ ትፈትሻለህ፤ ሞተሩን ከመዘውሩ የሚያገናኘው ላስቲክ ከላላ ትቀይራለህ። ማሽኑ የበላውን ካሴት ደግሞ በእስክሪፕቶ እያዞርክ ታጠነጥናለህ። የማይድን ቁራጭ ካለ በምላጭ ሰያፍ አድርገህ ትቆርጥና ሁለቱን ጫፎች በቀጭን ፕላስተር ትቀጥላለህ። ሰያፍ የሚሆነው መጋጠሚያው ሲያልፍ ድምፁ ቋ እንዳይል ነው።

የተቆረጠውን ቁራጭ የምጥልበት አንድ ባዶ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ነበረኝ። ቆርቆሮው ሲሞላ ይዞ የሚሄደው ኦቦ ሙሜ የሚባል፣ መሰላ ከሚባል አገር የሚመጣ ገበሬ ነው። ማሽላ ሲያሽት ቴፑን በማሳው ዙሪያ ይወጥረዋል። ነፋስ ሲመታው እምም ይላል፤ ወፍ ትፈራዋለች። ስንት ዘፋኝ እኔ ጠረጴዛ ላይ ሞቶ መሰላ ላይ ዘበኛ ሆኗል።

መምህር ኃይሉ ወደ ሱቃችን የመጣው በአንድ የጥቅምት ወር ነው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበር፤ የተማረው ግን ፒያኖ ነው። ጭሮ ፒያኖ የለም። ሂርናም የለም፣ መሰላም የለም፤ እኔ እስከማውቀው በዚያ አገር ሁሉ አንድም አልነበረም። መዳቢው ምን አስቦ እንደ መደበው እንጃ። ተማሪዎቹ እንደሚያወሩት ስለ አውሮፓ ወንዞች ሲያስተምር በየወንዙ ዳር ማን ምን ዜማ እንደ ጻፈ ይጨምርላቸዋል፤ ፈተና ላይ ግን አይጠይቅም።

ቴፑን በሁለት እጁ ታቅፎ ነው የመጣው። ካሴቱ ውስጡ ተቀርቅሯል።

"ቴፑ ካሴቱን ውጦታል" አለኝ። "እባክዎ፣ ቴፑ ቢሞትም ግድ የለኝም። ካሴቱን ግን አደራ። ሌላ ቅጂ የለውም።"

"የማን ዘፈን ነው?"

"ዘፈን የለውም። ፒያኖ ብቻ ነው። የሚጫወቱት አስተማሪዬ ናቸው።"

ቆሞ ነገረኝ። አስተማሪዋ አዲስ አበባ ተወልደው እዚያው ያረጁ አንዲት የአርመን ባልቴት ናቸው፤ ተማሪዎቻቸው ማዳም ይሏቸዋል። እሱ ወደዚህ ሲመደብ "እዚያ ፒያኖ አታገኝም፤ ጆሮህ እንኳ እንዳይረሳ" ብለው፣ መቅጃ ፒያኖው ላይ አስቀምጠው፣ አውሮፓ ውስጥ ከመቶ ዓመት በፊት ለፒያኖ ብቻ የተጻፉ ዜማዎችን በአንድ ቁጭታ ተጫውተው ሰጡት። በዓመቱ ማዳም ከአገር ወጡ። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤ የለም።

"በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ አላውቅም" አለኝ። "የእጃቸው ድምፅ ያለው እዚህች ውስጥ ብቻ ነው።"

"አደራዎን ተቀብያለሁ" አልኩት። ከዚያ እንደ ሕጋችን ጭንቅላቴን ነቅንቄ "በሳምንቱ ይምጡ" አልኩ።

ብልሽቱ ቀላል ነበር። ቴፑን የሚጎትተው ጎማ ሟሙቶ ተጣብቋል። ካሴቱን ሳልጎዳው አወጣሁ፣ ጎማውን ቀየርኩ፣ ሄዱን ጠረግኩ። በአንድ ሰዓት አለቀ። ሰባት ቀን ስለነበረኝ ግን ካሴቱን ለሙከራ ከፈትኩት። ያኔ ብመልሰው ኖሮ ይህን ታሪክ የምጽፍበት ምክንያት አይኖርም ነበር።

ፒያኖው ጀመረ። ትንሽ ሄደና ዘገየ። ከዚያ ፈጠነ። እንደገና ሊቆም ምንም አልቀረው፤ ከዚያ እንደ ደነገጠ ሰው ሮጠ። እኔ የማውቀው ዘፈን ከበሮ አለው፤ ከበሮው እኩል ካልመታ ባትሪው አልቋል ማለት ነው። አዲስ ባትሪ አስገባሁ። ያው ነው። ላስቲኩን ቀየርኩ። ያው ነው። ሞተሩ ላይ አንዲት ጠብታ ዘይት ጣል አደረግኩ። ያው ነው።

ሐጂ ከቀትር በኋላ በሩ አጠገብ ፍራሽ ላይ ጋደም ብለው ጫት ይቅማሉ። ሁለት ቀን ሙሉ ዝም ብለው ካዳመጡ በኋላ ፍርድ ሰጡ።

"ያ ጌታቸው፣ ቴፑ ደህና ነው። ሰውዬው ቅሟል።"

"ሴት ናቸው ሐጂ።"

"ሴት አትቅምም? ስማ። አሁን ገና ቅጠሉን እየመረጠች ነው፤ ቀስ ትላለች። ቆይ፣ ቆይ... ይኸው መረቀነች! ጣቷ አሥር ብቻ አይደለም ወላሂ። አሁን ደግሞ ዝም። ሐሳብ ገባት። ቤት ልሥራ፣ መኪና ልግዛ እያለች ነው።"

ሳቅኩባቸው። ሐጂ ከእኔ ይልቅ ለእውነቱ ቀርበው እንደነበር የገባኝ ቆይቶ ነው። እሳቸው የሚያዘገየውም የሚያፈጥነውም ሰው መሆኑን ሰሙ። እኔ የሰማሁት ሞተር ነበር።

ለማጣራት የሐጂን የመንዙማ ካሴት አስገባሁ። ድቤው ቀጥ ብሎ መታ፤ ቴፑ ምንም አልሆነም። እንግዲያ ጥፋቱ የካሴቱ ነው አልኩ። የካሴቱን ቴፕ በማጉያ መነጽር አየሁት። የተለጠጠ ቦታ ፈልጌ አላገኘሁም፤ ግን ማግኘት ስለፈለግኩ ያገኘሁ መሰለኝ።

በአራተኛው ቀን በሁለተኛው ገጽ ላይ አንድ ቦታ ደረስኩ። ፒያኖው እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄዶ ጭራሽ ጠፋ። ጆሮዬን ስፒከሩ ላይ ለጠፍኩ። ከውጭ የጭነት መኪና ፍሬን ይተነፍሳል፣ ረዳቱ "ሐረር! ሐረር!" ይላል፣ ሐጂ ከጎረቤት ጋር ይጨቃጨቃሉ። ከስፒከሩ ምንም የለም። ከሃያ ሰከንድ ያህል በኋላ ፒያኖው ተመለሰ። ሦስቴ ደጋገምኩት። ባዶ ነው።

በሥራችን ባዶ ቴፕ ይቆረጣል፤ በጀርባው ያለው የመጀመሪያው ገጽም በዚያ ቦታ ያልተቀዳበት መሆኑን አይቻለሁ። አደራ የሰጠኝ ሰው ካሴቱን ከነበረበት ተሽሎ እንዲያገኘው ስለፈለግኩ ከወትሮው ይበልጥ ተጠነቀቅኩ። ቦታውን በነጭ እርሳስ ምልክት አደረግኩ፣ አዲስ ምላጭ ፈታሁ፣ ሁለት ክንድ ያህል ቆርጬ አወጣሁ፣ ጫፎቹን በፕላስተር ገጠምኩ። መጋጠሚያው ሲያልፍ ጭራሽ አይሰማም። በሕይወቴ እንዲያ ያማረ ቅጥል አልሠራሁም። ቁራጩን ቆርቆሮው ውስጥ ጣልኩ። በማግስቱ ገበያ ነበር፤ ኦቦ ሙሜ መጥቶ ቆርቆሮውን ገልብጦ ሄደ።

መምህር ኃይሉ በሳምንቱ መጣ። "ካሴትዎ ላይ የነበረውንም ችግር አስተካክያለሁ" አልኩት፤ ለዚህ ዓረፍተ ነገር ሦስት ቀን ተዘጋጅቼበታለሁ። ጆሮ ማዳመጫ ይዞ መጥቶ ነበር። ሰካው፣ ሁለተኛውን ገጽ ከፈተ፣ ዓይኑን ጨፈነ። ያ ቦታ ሲደርስ ዓይኑ ተከፈተ። መልሶ አጠነጠነ። እንደገና ሰማ። ማዳመጫውን አወለቀ።

"እዚህ ጋ የነበረው የት ሄደ?"

"ባዶው? ቆርጬ አወጣሁልዎ።"

"ባዶ አልነበረም።"

"ሦስት ጊዜ ሰማሁት፤ ምንም የለውም።"

"ከመንገድ ዳር ሆነህ እንዴት ይሰማሃል!" አለኝ። እስከዚያ ቀን እርስዎ ነበር የሚለኝ። "ቀስ ብለው ነው የሚጫወቱት። ልክ ካጠገብህ ላለ ሰው ብቻ እንደሚያወሩ። ካሴቱ ውስጥ ከዚያ የሚበልጥብኝ ቦታ የለም።"

አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። በርጩማዬ ላይ ቁጭ ብሎ ወለሉን አየ። አደራ ተቀብዬ የሰውን አስተማሪ እጅ ቆርጬ ለወፍ ሰጥቻለሁ።

ሐጂ ከፍራሹ ተነሡ። "ሙሜ ቤት ነው ያለው" አሉ። "ማሽላው አልታጨደም። አሁን ሂዱ።"

በዚያን ጊዜ ከከተማ ለመውጣት የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል። ቀበሌ ሄድን።

"መሰላ ለምን ጉዳይ ነው የምትሄዱት?" አለን ሊቀመንበሩ።

"የጠፋ ቴፕ ፍለጋ ነው ጓድ ሊቀመንበር።"

"ምን የተቀዳበት?"

"ሙዚቃ።"

"የማን ዘፈን?"

"ዘፈን የለውም። ሙዚቃ ብቻ ነው።"

ሊቀመንበሩ እስክሪፕቶውን አስቀመጠ። ያን ጊዜ ራዲዮ ዘፈን የሌለው ሙዚቃ ደጋግሞ ካሰማ ነጋዴው ሱቁን ገርበብ ያደርጋል፤ አንድ ትልቅ ሰው ሞቷል ወይም አንድ ነገር ሊመጣ ነው ማለት ነው። ሊቀመንበሩ በሩን አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ማን ሞተ?" አለን።

"ማንም አልሞተም" አለ መምህር ኃይሉ። "የጻፉት ሰዎች ግን ከሞቱ መቶ ዓመት አልፏቸዋል።"

ሊቀመንበሩ እስክሪፕቶውን መልሶ አነሣ። "እንግዲያ ሐዘኑ ወጥቷል" አለና "ለሥራ ጉዳይ" ብሎ ጽፎ ፈረመልን።

በማግስቱ ጠዋት እስከ መገንጠያው በጭነት መኪና፣ ከዚያ በእግር ሄድን። እኔ ስጨነቅ ስለምለፈልፍ ለመምህር ኃይሉ ስለ ላስቲክና ስለ ሞተር ስነግረው መንገዱ አለቀ። ባዶ እጄን እንዳልቀርብ አንድ ሙሉ ካሴት ይዣለሁ፤ የቀበሌ ቴፕ አላምጦት የተጣለ የስብሰባ ቅጂ ነው።

የኦቦ ሙሜ ማሳ ዳገት ላይ ነው። ባለቤቱ አደ ፈጡማ ማማ ላይ ቆማ ወንጭፍ ታዞራለች። ማሳውን ቴፕ ከቦታል፤ ፀሐይ ላይ ያብለጨልጫል፣ ነፋስ ሲመጣ ሁሉም በአንድ ላይ እምም ይላል። የብዙ ዓመት ቁራጮቼ ሁሉ እዚያ ተወጥረዋል።

ያዳነኝ የሙያ ዓይን ነው። ተራው ካሴት ቀላ ያለ ቡናማ ነው። የማዳም ካሴት ውድ ዓይነት ስለነበር ቴፑ ጥቁር ነው። "ጥቁር ፈልግ" አልኩት። ግማሽ ሰዓት ያህል ማሳውን ዞርን። ያገኘው መምህር ኃይሉ ነው፤ በስተምሥራቅ በኩል በሁለት ቀይ ቴፖች መካከል ተቀጥሎ፣ መሐሉ ላይ አንድ እንጨት ጋ ተቋጥሯል። ጆሮውን አስጠጋ።

"እየዘመረ ነው" አለኝ።

"ነፋሱ ነው" አልኩት።

"ማወቅስ አውቃለሁ።"

እጄን ስዘረጋ ከማማው ላይ ጩኸት መጣ። "ዲሲ! ጥቁሯን ተው! በእሷ በኩል ወፍ አልገባም። ቀዩ ሰነፍ ነው፣ ጥቁሯ ጎበዝ ናት!"

ኦቦ ሙሜ እየሮጠ መጣ። አወቀኝ። "ጌታቸው ራዲዮ! ሰላም ነው? ምን ሆንክ፣ ቁራጭ አልቆብህ ነው?"

መምህር ኃይሉ ነገሩን አስረዳ። ኦቦ ሙሜ ለሚስቱ በኦሮምኛ ተረጎመላት። ትርጉሙ ከዋናው ሦስት እጥፍ ረዘመ። አደ ፈጡማ ከማማው ወርዳ ቴፑን አየች፣ መምህሩን አየች።

"ይሄ ያንተ አስተማሪ ነው?" አለችው ቴፑን እያሳየችው።

"የእጃቸው ድምፅ ነው።"

"ምን ይመታል እጁ?"

"ፒያኖ። ትልቅ ሳጥን ነው፤ ውስጡ ሽቦ አለ። በጣት ይመታል።"

"ሳጥን ለመስማት ከጭሮ በእግር መጣችሁ?" አለችና ሳቀች። ከዚያ ሳቋን አቆመች። "የአስተማሪ ከሆነ ውሰድ። የአስተማሪን ነገር መከልከል ነውር ነው። ግን ይሄ ቦታ ባዶ አይሆንም፤ ወፉ እዚያ ዛፍ ላይ ሆኖ ያየናል።"

የስብሰባውን ካሴት አወጣሁ። "ይሄ ማሳሽን ሁለት ጊዜ ይዞራል።"

"ምን አለበት?"

"ስብሰባ።"

"ረጅም ነው?"

"እጅግ ረጅም ነው።"

ኦቦ ሙሜ ሆዱን ይዞ ሳቀ። "እንኳን ወፍ እኔም ማሳውን ጥዬ እሄዳለሁ አቦ!"

ጥቁሯን ፈታን። የሁለቱን ጫፍ ቋጠሮ በምላጭ ቆረጥኩ። የመሐሉን ግን መቁረጥ አልፈለግኩም፤ እንጨቱን ነቅለን ከነቋጠሮው ይዘነው ተመለስን። መምህር ኃይሉ መንገዱን ሁሉ እንደ ሻማ ፊት ለፊቱ ይዞት ሄደ።

ቋጠሮውን በመርፌ ፈታሁት፤ አንድ ሙሉ ከሰዓት ወሰደብኝ። ሐጂ እንኳ ያን ቀን አልቀለዱም። ቴፑን ለብ ባለ ውሃ በራሰ ጥጥ አበስኩ፣ በሁለት መስተዋት መሐል አድርጌ የጂኦግራፊ መጽሐፍ ጫንኩበት፣ ሁለት ቀን አሳደርኩት። አብዛኛው ድኗል። ቋጠሮው የነበረበት ቦታ ግን አንድ ጋት ያህል ጥቁሩ ተልጦ ከሥሩ ያለው ፕላስቲክ ብቻ ቀርቷል። ድምፅ የሚያዘው ጥቁሩ ነው። ለተላጠ ቴፕ መድኃኒት የለውም። ያን ያማረውን ቅጥሌን ቀድጄ ቁራጩን ወደ ቦታው መለስኩት።

ለመስማት ዓርብ ቀን መረጥን። በጁምዓ ሰዓት ሐጂ መስጊድ ናቸው፣ ሱቆች ይዘጋሉ፣ መንገዱ ጭር ይላል። በሩን ዘጋን። ጆሮ ማዳመጫ አላስፈለገንም።

ፒያኖው እየቀነሰ መጣ። እኔ ባዶ ያልኩት ቦታ ደረሰ። ባዶ አልነበረም። ድምፆቹ አንድ በአንድ፣ በጣም ቀስ ብለው፣ ሊቀሩ ያሰቡ እየመሰሉ ይመጣሉ። አንዷ ስትዘገይ አብሬያት ትንፋሼን ያዝኩ። ያን ጊዜ ነው ሞተር አለመሆኑ የገባኝ። አሮጊቷ ለመሄድ ያልቸኮሉ ሰው ነበሩ። እንባዬ መጣ፤ ለምን እንደመጣ ዛሬም በደንብ አላውቅም።

ከዚያ የተላጠው ቦታ ደረሰና ድምፁ ጠፋ። መምህር ኃይሉ ዓይኑን ሳይከፍት ቀኝ እጁን ጠረጴዛዬ ላይ አድርጎ በሦስት ጣቶቹ ተራ በተራ ነካው። አንድ። ሁለት። ሦስተኛዋን ትንሽ አዘገያት። ቴፑ ተቀበለውና ቀጠለ።

ሲያልቅ "ይቅርታ" አልኩት።

"የጠፉት ሦስት ናቸው" አለኝ። "ሦስቱንም አውቃቸዋለሁ።"

በሩን ስከፍት ሐጂ ውጭ ቆመዋል። ከሶላት ተመልሰው እንዳይረብሹን አልገቡም፤ መቼ እንደደረሱ እንጃ። ነጭ ቆባቸውን አስተካከሉ።

"ያ ጌታቸው" አሉኝ። "ይቺ ሴት አልቃመችም። ይቺ ሴት ደህና ሁን እያለችው ነው።"

መምህር ኃይሉ ሳቀ፣ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። ሻይ አስመጣንና ሦስታችንም በሩ ላይ ተቀምጠን ጠጣን። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንተ ተባብለን ኖርን።

ሁለት ቴፖችን በገመድ አገናኝቼ ካሴቱን ቀዳሁለት፤ አንድ ቅጂ ለእኔም እንዲቀር ጠየቅኩትና ፈቀደ። ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ አዲስ አበባ ተዛወረ። የማዳም ደብዳቤ እስከዚያ ቀን አልመጣም። ሐጂም ከጊዜ በኋላ አረፉ፣ አላህ ይዘንላቸው። እኔ ጡረታ ከወጣሁ ቆየሁ፤ ቴፕ የሚያስጠግን ሰውም ጠፍቷል።

ቅጂውን አንዳንዴ በቀትር እሰማዋለሁ። የተላጠው ቦታ ሲደርስ እኔም ጠረጴዛዬን ሦስት ጊዜ እነካለሁ። የትኞቹ ድምፆች እንደነበሩ ግን አላውቅም። የማውቀው ቁጥራቸውን ብቻ ነው።

ለወጣት ጠጋኞች የምለው ይህ ነው። ዕቃ ከመክፈታችሁ በፊት ባለቤቱን "ደህና ሳለ እንዴት ነበር?" ብላችሁ ጠይቁ። መምህር ኃይሉ ያን ቀን ፊቴ ቆሞ ነበር፤ ብጠይቀው ይነግረኝ ነበር። አልጠየቅኩትም።